የሽሮ ሜዳ ነጭ፣ የእንጦጦ በገና

ከስድስት ኪሎ ወደ ሰሜን ስንወጣ ሚኒባሱ ማርሽ ቀነሰ፣ አየሩ ቀዘቀዘ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከፊት ለፊት ሰማዩን ከለለው። የአሜሪካ ኤምባሲን አጥር እንዳለፍን ግራና ቀኙ በአንዴ ነጭ ሆነ። ሽሮ ሜዳ ደረስን። ነጠላው፣ ኩታው፣ ጋቢውና ቀሚሱ በየሱቁ በራፍ ከላይ እስከ ታች ተሰቅሎ ነፋስ ያወዛውዘዋል። ከጋሞ ደጋ የመጡት የዶርዜ ሸማኔዎች ሙያ ይህን ሰፈር የአገር ልብስ መናገሻ አድርጎታል። ሠርግ የደገሰ፣ ጥምቀት የደረሰበት፣ ከውጭ አገር ለዕረፍት የመጣ ሁሉ ወደዚህ ይወጣል።

እኔም የወጣሁት ለጨርቁ ነበር። ሽሮ ሜዳ ያለበት ጉለሌ ግን ሌላም ነገር ሰጠኝ። ኮምፒውተር ላይ ቪዲዮ የሚያጫውቱ ፕሮግራሞች አንዱ ከሌላው ምን ያህል እንደሚለይ በዓይኔ ያየሁት፣ በጆሮዬም የሰማሁት እዚህ ነው። ዓይኔን የገለጠው የሸማው ንጣት ነው፤ ጆሮዬን የገለጠው ደግሞ ከዚሁ ተራራ የወጣ በገና።

ሽሮ ሜዳ ላይ ጥቂት የቆመ ሰው ነጭ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ይገባዋል። በእጅ የተፈተለው ጥጥ ወደ ክሬም ያደላል። የፋብሪካው ክር ወደ ሰማያዊ የሚያዘነብል ንጣት አለው። ስስ ነጠላ ሲደራረብ በየእጥፋቱ ለስላሳ ጥላ ይይዛል። ጥለቱ ላይ ሲደርስ ደግሞ ቀይ፣ አረንጓዴና ወርቃማ ክሮች እርስ በርስ እየተሻገሩ ትንንሽ መስቀሎችና አልማዞች ይሠራሉ። አንዷን ባለሱቅ ስለ ጥለቱ ብጠይቃት፣ «ጠጋ ብለው ይዩት እንጂ፤ ከሩቅማ ልፋቱ አይታይም» አለችኝ። ጠጋ ብዬ አየሁት፤ እውነቷን ነው።

ከጨርቅ ሱቆቹ ጀርባ ባለ ቅያስ ውስጥ አንዲት የፎቶና የቪዲዮ ቤት አለች። ሠርግ ይቀርጻሉ፣ ያቀናብራሉ፣ የድሮ ካሴት ወደ ፍላሽ ይገለብጣሉ፣ ፊልምም ይጭናሉ። ፍላሽ ልገዛ ስገባ አንዲት እናት ከወጣቱ ባለሙያ ጋር እያወሩ ነበር።

«ልጄ፣ ይቺን ነጠላ ለልጄ ሠርግ ብዬ ከዚሁ ከሽሮ ሜዳ አዲስ ገዝቼ ነው የለበስኳት። ቤት ሆኜ ሳየው ያደፈች መሰለች እኮ። ምን ሆና ነው?»

«እማማ፣ ነጠላዎ ምንም አልሆነችም። ቪዲዮውም ደህና ነው። ቆይ ላሳይዎት» አለና ያንኑ ፋይል በሁለት ፕሮግራም ከፍቶ ጎን ለጎን አቆመላቸው።

በግራ በኩል ባለው መስኮት ነጠላው አመድ የነካው ይመስላል፤ የሙሽራው ጥቁር ሱፍም ግራጫ ሆኗል፤ ምስሉን ሁሉ ስስ ጭጋግ ሸፍኖታል። በቀኝ በኩል ያለው ግን ሽሮ ሜዳን ራሷን ይመስላል። ነጩ ነጭ ነው፤ የነጠላው እጥፋት እያንዳንዱ ጥላውን ይዟል፤ የሱፉ ጥቁር ጥልቅ ነው። እናትየው እጃቸውን አጨበጨቡ። «እሰይ! ይኸውና ነጠላዬ!» ደስታቸው ወደ እኔም ተጋባ። አንድ ፋይል፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ስክሪን ነው፤ የተለየው ፕሮግራሙ ብቻ ነው።

ወጣቱ ምክንያቱን አስረዳን። ኮምፒውተር የብርሃንን መጠን ከ0 እስከ 255 ባሉ ቁጥሮች ይለካል፤ 0 ድፍን ጥቁር፣ 255 ሙሉ ነጭ ነው። ቪዲዮ ግን ከቴሌቪዥን ዘመን በወረሰው ልማድ ጥቁርን በ16፣ ነጭን በ235 ይመዘግባል። ስለዚህ አጫዋቹ ፕሮግራም ወይም ግራፊክስ ካርዱ እነዚያን ቁጥሮች ለጥጦ 16ን ወደ 0፣ 235ን ወደ 255 ማድረስ አለበት። ይህ ሳይደረግ ሲቀር ነጩ ሳይነጣ፣ ጥቁሩም ሳይጠቁር ይቀራል፤ የእናትየው ነጠላ ያደፈችው በዚህ ነው። ተቃራኒውም ያጋጥማል። ሁለት ጊዜ ከተለጠጠ የነጠላው እጥፋት በንጣት ውስጥ ይጠፋል፣ የጥቁር ካባ ጌጥም በጽልመት ይዋጣል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። በግራፊክስ ካርዱ መቆጣጠሪያ ውስጥ ለቪዲዮ የተመደበውን የቀለም ክልል «ፉል» ማድረግ ነው፤ ኮምፒውተሩ በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥን ጋር ሲገናኝም በሁለቱም በኩል ያለው ምርጫ መስማማቱን ማየት ነው። ወይም ደግሞ ይህን ስሌት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራሱ የሚሠራ አጫዋች መጠቀም ነው። በቀኙ መስኮት የነበረው ከእነዚህ አንዱ፣ ኤምፒቪ የተባለው ነው።

ጥያቄዬ እየበዛ ሲሄድ ወጣቱ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፤ ከጎን ካለው ሻይ ቤትም ማኪያቶ አዘዘ። ቀጥሎ ያሳየኝ ጥለቱን ነው። ቪዲዮ ቦታ ለመቆጠብ ብርሃንን ለእያንዳንዱ ነጥብ ሲመዘግብ ቀለምን ግን ለአራት ነጥብ አንድ ጊዜ ብቻ ይመዘግባል። ዓይናችን ከቀለም ይልቅ ብርሃንን አጥርቶ ስለሚያይ ብዙውን ጊዜ ጉድለቱ አይታወቀንም። ነጭ ላይ ያረፈ ቀጭን ቀይ ክር ሲመጣ ግን ይታወቃል፤ ቀዩ ወደ ጎረቤቱ ነጭ ይፈሳል። የጎደለውን ቀለም መልሶ የመሙላቱን ሥራ አንዱ አጫዋች በችኮላ፣ ሌላው በጥንቃቄ ይሠራዋል። ፋይሉ ድርና ማግ ነው፤ ሸማኔው ፕሮግራሙ ነው። በጥንቃቄ በተሠራው መስኮት የጥለቱን መስቀሎች አንድ በአንድ አየኋቸው።

የድሮ የአማርኛ ፊልም በቪሲዲ ያለው ሰው ደግሞ ይህ ልዩነት ይበልጥ ይጠቅመዋል። የቪሲዲ ምስል 352 በ288 ነጥብ ነው። 1366 በ768 የሆነው የተለመደ የላፕቶፕ ስክሪን በቁመቱ ሙሉ ሲያሳየው 1024 በ768 ይሆናል። ይህ ማለት ከምናያቸው ስምንት ነጥቦች ሰባቱን ያህል አጫዋቹ ራሱ አስልቶ የፈጠራቸው ናቸው። ርካሹ ስሌት ፊትን ያደበዝዛል ወይም ጠርዙን ደረጃ ደረጃ ያደርገዋል። ላንክዞስ እና ስፕላይን የሚባሉት የተሻሉ ስሌቶች ግን ጠርዙን አጥርተው፣ ቆዳውን አለስልሰው ያወጡታል። ኤምፒቪ ውስጥ «ሃይ ኳሊቲ» የተባለውን ፕሮፋይል በአንዲት መስመር ጽሑፍ ማብራት ይህን ሁሉ ያመጣል። ከዲቪዲ የተቀዳ 720 በ576 ምስልም በዚሁ መንገድ ያምራል።

ከዚያ አንድ የድሮ ሠርግ ከፈተልኝ፤ ከካሴት የተገለበጠ ነው። እስክስታ ወራጆቹ ትከሻቸውን በነቀነቁ ቁጥር ጠርዛቸው ላይ የማበጠሪያ ጥርስ የመሰለ መስመር ይወጣል። የቴሌቪዥን ዘመን ካሜራ አንዱን ምስል በሁለት ከፍሎ፣ ጎደሎና ሙሉ መስመሮቹን በተለያየ ቅጽበት ስለሚይዝ ነው፤ በሴኮንድ 25 ምስል የተባለው በእርግጥ 50 ግማሽ ምስል ነው። ወጣቱ ቪኤልሲ በተባለው አጫዋች ውስጥ ዲኢንተርሌስ የሚለውን አብርቶ «ያዲፍ 2 ጊዜ» የሚለውን መረጠ። ማበጠሪያው ጠፋ። ግማሽ ምስሎቹ እያንዳንዳቸው ሙሉ ሆነው ስለወጡ እስክስታው የመጀመሪያ ፍጥነቱንና ልስላሴውን መልሶ አገኘ። በዕድሜዬ ካየኋቸው የኮምፒውተር ለውጦች እንደዚህ ልቤን የነካው የለም፤ እነዚያ ትከሻዎች ካሴት ውስጥ ሲጠብቁ ኖረዋል።

ስለ አጫዋቾቹ የትውልድ ታሪክም ከእሱ ጋር ብዙ አወራን። ቪኤልሲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ፓሪስ አጠገብ፣ ኤኮል ሳንትራል በተባለ የምህንድስና ትምህርት ቤት ነው። ተማሪዎቹ የግቢያቸውን ቀርፋፋ ኔትወርክ ለማስለወጥ ቴሌቪዥንን በኔትወርክ የማሳየት ፕሮጀክት አቀረቡ፤ ከዚያ ይህ ፕሮግራም ተወለደ። ብርቱካናማው የመንገድ ኮን ምልክቱም ተማሪዎቹ ከሰበሰቧቸው ኮኖች የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ኮዱ ለማንም ነፃ ሆኖ ተለቀቀ፤ በጥር 2025 ደግሞ 6 ቢሊዮን ጊዜ መውረዱ ተነገረ። ማስታወቂያ የለው፣ ክፍያ የለው።

ኤምፒቪ የሃንጋሪው ገንቢ አርፓድ ጌሬኦፊ እ.ኤ.አ. በ2000 ከጀመረው ኤምፕሌየር የወረደ የልጅ ልጅ ነው። ለዊንዶውስ የተሠራው ሚዲያ ፕሌየር ክላሲክ እ.ኤ.አ. በ2003 ወጣ፤ ልጁ ኤምፒሲ ኤችሲ ዋናዎቹ ገንቢዎች በ2017 ካቆሙ በኋላም በሌላ በጎ ፈቃደኛ እጅ እስካሁን ይታደሳል። ኬላይት የሚባለውን ጥቅል የጫነ ሰው ሳያውቀው አግኝቶት ይሆናል። ከሁሉም ሆድ ውስጥ ደግሞ ፈረንሳዊው ፋብሪስ ቤላርድ እ.ኤ.አ. በ2000 የጀመረው ኤፍኤፍኤምፔግ አለ። ፋይሉን የሚፈታው በአብዛኛው አንድ ስለሆነ፣ በአጫዋቾቹ መካከል ያለው የጥራት ልዩነት የሚመጣው ከተፈታ በኋላ ምስሉን ለስክሪኑ፣ ድምፁን ለስፒከሩ እንዴት እንደሚያዘጋጁት ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ አጫዋች የምመርጠው በመልኩ መሆኑ ቀርቷል።

ከሰዓት በኋላ ቁስቋምን አልፌ ወደ እንጦጦ ወጣሁ። መንገዱ ይጠመዘዛል፤ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ይወርዳሉ፤ ወደ ታች ሲታይ ከተማዋ እስከ አድማስ ተዘርግታለች። በባሕር ዛፎቹ ሥር ተቀመጥኩ፤ ላፕቶፔን ከፈትኩ፤ የጆሮ ማዳመጫዬን አደረግሁ። ያጫወትኩት የዓለሙ አጋን በገና ነው። ምርጫው ለቦታው የሚገባ ነው፤ ዓለሙ አጋ እ.ኤ.አ. በ1950 እዚሁ እንጦጦ ላይ ተወለዱ፤ በ12 ዓመታቸው ጎረቤት ሆነው ከመጡት ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል በገናን ተማሩ። በፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚዘጋጀው የኢትዮፒክስ ተከታታይ 11ኛው አልበም የእሳቸው ነው።

በገና ድምፅን ለመፈተን ተወዳዳሪ የለውም። አሥር የጅማት አውታር አለው፤ በአውታሩና በድልድዩ መካከል የምትገባው ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ያንን የሚነዝር፣ የሚያጉረመርም ድምፅ ትሰጠዋለች። መሠረቱ እጅግ ወፍራም፣ ንዝረቱ ደግሞ በጣም ረቂቅ ነው። የላፕቶፕ ትንንሽ ስፒከር ወፍራሙን ጨርሶ አያወጣውም፤ ይህን የትኛውም ፕሮግራም አያስተካክለውም። ስለዚህ የድምፅ ጥራት ለሚሻ ሰው የመጀመሪያው ወጪ ደህና የጆሮ ማዳመጫ ወይም ስፒከር ነው።

ከዚያ በኋላ የአጫዋቹ ድርሻ ይመጣል። ቪኤልሲ ላይ ድምፁን ወደ 125 በመቶ ገፋሁት። ንዝረቱ ወዲያው ተሰነጠቀ፤ የቆዳዋ ድምፅ የተቀደደ ስፒከር ድምፅ መሰለ። ከ100 በላይ ያለው ጉልበት በስሌት የተጨመረ በመሆኑ የማዕበሉ ጫፍ ይቆረጣል። ወደ 100 መልሼ የኮምፒውተሩን ዋና ድምፅ ከፍ ሳደርግ በገናው ተመለሰ፤ ሙሉ፣ ክብ፣ ደረት የሚነካ። ቀጥዬ ኤምፒቪ ላይ ፕሮግራሙን የድምፅ ካርዱ ብቸኛ ተጠቃሚ የሚያደርገውን ምርጫ አበራሁ። በተለመደው መንገድ ዊንዶውስ የሁሉንም ፕሮግራም ድምፅ ቀላቅሎ፣ የሲዲውን 44.1 ኪሎኸርዝ ብዙ ጊዜ ወደ 48 ቀይሮ ነው የሚያወጣው። በብቸኛው መንገድ ግን ድምፁ ሳይነካ እንዳለ ይደርሳል፤ የመልእክት ማንቂያ ጩኸትም መሃል አይገባም። በዐቢይ ጾም በገና ለሚሰማ ሰው ይህ ብቻ ምርጫውን ይወስንለታል።

ብዙ ሰው የሚያማርርበት ሌላ ነገር አለ፤ የውጭ ፊልም ላይ ፍንዳታው ቤት ያናውጣል፣ ንግግሩ ግን አይሰማም። ፊልሙ ለስድስት ስፒከር የተቀነባበረ ስለሆነና ንግግሩ በመሃለኛው ስለተቀመጠ፣ ወደ ሁለት ስፒከር ሲጨመቅ ይደበቃል። ኤምፒሲ ኤችሲ ውስጥ ያለው ላቭ የተባለ የድምፅ ክፍል የመሃለኛውን መጠን ለብቻው ከፍ ለማድረግ ያስችላል። ቪኤልሲም ኮምፕሬሰር አለው፤ ጩኸቱን ዝቅ፣ ሹክሹክታውን ከፍ ያደርጋል። ድምፁና ከንፈሩ ካልገጠሙም ቪኤልሲ ላይ ጄ እና ኬ የሚባሉትን ቁልፎች በመጫን ማቀራረብ ይቻላል።

ማታ አዲሱ ገበያ አካባቢ ባረፍኩበት ቤት የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ተመለከትኩ። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም የተቀረጸ ጥቁርና ነጭ ሥራ ነው። ቀለም ስለሌለው ሸክሙ ሁሉ በጥቁርና በነጭ መካከል ባለው ግራጫ ላይ ነው፤ ጠዋት ያየሁት የ16 እና የ235 ጉዳይ እዚህ የፊልሙን ነፍስ ይወስናል። ክልሉ ሲስተካከል የገበሬው ፊት ላይ ያለው መስመር፣ የአፈሩ ሸካራነት፣ የፊልሙ ቅንጣት ሁሉ ይወጣል። ሰማዩ ላይ ደረጃ ደረጃ ሆኖ የሚታየውን መስመርም ኤምፒቪ ዲባንድ በሚባለው ምርጫው ያለሰልሰዋል።

የአማርኛ የትርጉም ጽሑፍ ያለው ፊልም የከፈተ ደግሞ በፊደላችን ፈንታ ባዶ ሣጥኖች ተደርድረው ሊያገኝ ይችላል። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ስለዚህ የትርጉም ፋይሉ በዩቲኤፍ 8 መቀመጡን አረጋግጦ፣ በአጫዋቹ የጽሑፍ ምርጫ ውስጥ ኒያላን፣ ኢብሪማን ወይም አቢሲኒካን መምረጥ ይበቃል። ፊደላችን ጥርት ብሎ በምስሉ ግርጌ ሲቀመጥ ማየት ደስ ያሰኛል።

እንግዲህ ከጉለሌ ይዤ የተመለስኩትን ፍርድ ልስጥ። ለቤተሰብ ሁሉ፣ ለማንኛውም ዓይነት ፋይል፣ ለድሮ ካሴት ግልባጭ ቪኤልሲ ይበቃል፤ ሜኑው ቀላል ነው፣ ዲኢንተርሌሱ ጥሩ ነው። የምስልና የድምፅ ጥራት ከሁሉ በፊት ለሚያስቀድም ሰው ኤምፒቪ ቀዳሚው ነው። ማስተካከያው በጽሑፍ መሆኑ የሚከብደው በዚያው ሞተር ላይ የተሠራውንና ሜኑ ያለውን ኤስኤምፕሌየር ይጠቀም። ዊንዶውስ ላይ ሆኖ የንግግር ድምፅ ለሚጠፋበት ኤምፒሲ ኤችሲ ይሻለዋል። ላፕቶፑ ያረጀበትና ምስሉ የሚንተባተብበት አጫዋቹ ውስጥ ሃርድዌር ዲኮዲንግ የሚለውን ያብራ። ኤች 265 የሚባሉትን አዳዲስ ፋይሎች ያለ ድካም የሚፈቱት በአብዛኛው ከስድስተኛው ትውልድ ወዲህ ያሉ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ናቸው፤ ከዚያ በፊት ላለው ኤች 264 የሆነውን ቅጂ መጠየቅ ይሻላል።

አንባቢ ሆይ፣ አዲስ ኮምፒውተር ከመግዛትህ በፊት እነዚህን ሞክር። ሁሉም በነፃ የሚገኙ፣ ክብደታቸውም ፍላሽ ላይ የማይታወቅ ናቸው። ከራሳቸው ከገንቢዎቹ ድረ ገጽ ብቻ አውርድ፤ «ይህን ፊልም ለማየት ኮዴክ ጫን» የሚል ፋይል ካጋጠመህ አጥፋው። ከዚያ የእናትህን ሠርግ ወይም የልጅህን ክርስትና ክፈትና ነጠላውን ተመልከት፤ ነጩ ካልነጣ መስተካከል ያለበት ነገር አለ ማለት ነው። በየቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ያሉት ካሴቶች በየዓመቱ እየደከሙ ነውና ዘንድሮውኑ ወደ ሽሮ ሜዳም ሆነ በሰፈርህ ወዳለው ቪዲዮ ቤት ወስደህ አስገልብጣቸው።